የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ የዓመት ፈቃድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒኤችዲ ስጀምር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ፈቃድ ሳልጠይቅ ነው የጨረስኩት። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፣ ፈቃድ አለሽ ብሎ የነገረኝም አልነበረም። በሶስተኛው ዓመት ለሌላ ጉዳይ የተማሪ ሃንድቡኩን ሳገላብጥ ነው የዓመት ፈቃድ የሚል ርዕስ ያየሁት፣ ከስሩ ደግሞ ያልተጠቀሙበት ቀን ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም ይላል፣ በቃ የሁለት ዓመቱ ተቃጥሏል። ከዛ ወዲህ አዲስ የሚገቡ ልጆችን ባገኘሁ ቁጥር ይሄን ሳልነግራቸው አላልፍም፣ መልሰው የሚጠይቁኝም ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ፃፍኩት። ህጉ ከአገር አገር ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ ስለዚህ የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች እንደ ማሳያ ያዙና የራሳችሁን ደንብ ራሳችሁ አንብቡ።

ሴሚስተር ሲያልቅ ካምፓሱ ጭር ይላል፣ እኔም ያኔ እረፍት ላይ ነኝ ማለት አይደል?

አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የለመድነው ፈተና እንዳለቀ ሻንጣ ይዞ መውጣት ነው፣ ግን አካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ያለው እረፍት የተሰራው ክፍል ገብቶ ለሚማር ተማሪ ነው። ማስተርስ ላይ ኮርስ እየወሰዳችሁ እስካላችሁ ድረስ ያው ካላንደሩ ለናንተም ይሰራል፣ ቲሲስ ሲጀመር ነው ነገሩ የሚቀየረው። ለምሳሌ እንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት ማስተርስ 12 ወር ሙሉ ነው የሚሄደው፣ ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ የማስተርሱ ተማሪ ቁጭ ብሎ ቲሲሱን የሚፅፈው ያኔ ነው።

ፒኤችዲ ላይ ደግሞ ዓመቱ ሙሉ የትምህርት ጊዜ ነው፣ እረፍት የሚባለው ራሳችሁ ጠይቃችሁ የምትወስዱት ፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤንአይኤች (የመንግስቱ የጤና ምርምር ተቋም) የስልጠና ግራንት የሚከፈላቸው ተማሪዎች ላይ ይሄ በግልፅ ተፅፏል፣ በሴሚስተሮች መሃል ያለው ጊዜ የስልጠናው አካል ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሁሉም ሄዷል ብላችሁ ዝም ብላችሁ ብትጠፉ ፈቃድ ወሰዱ ሳይሆን ቀሩ ነው የሚባለው፣ ስኮላርሺፕ ወይም ቪዛ ላይ ላለ ሰው ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ተማሪ ነኝ ወይስ ሰራተኛ? ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሁሉንም ነገር ይለውጣል፣ ከቀኑ ብዛት በፊት ይሄን ነው ማወቅ ያለባችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የስራ ውል ነው ወይስ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ? በየወሩ የሚገባላችሁ ገንዘብ ላይ ግብርና የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል ወይስ ሙሉውን ነው የሚገባው? የስራ ውል ካላችሁ ፈቃዳችሁ በአብዛኛው በአገሩ የሰራተኛ ህግ የተጠበቀ ነው፣ አድቫይዘራችሁ ጥሩ ሰው ሆነ አልሆነ ህጉ አለ። ስታይፔንድ ማለትም ለተማሪ የሚሰጥ የኑሮ ድጋፍ ከሆነ ግን በአብዛኛው የሰራተኛ ህጉ አይመለከታችሁም፣ የፈቃዳችሁ ምንጭ የስኮላርሺፑ ደንብና የዩኒቨርሲቲው ሃንድቡክ ነው። አንድ ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንዱ ሰራተኛ አንዱ ስታይፔንድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጓደኛዬ ይሄን ያህል ቀን አለው ብላችሁ የሱን አትያዙ። ሁለቱንም የሆነ ሰውም አለ፣ ጥናቱ በስታይፔንድ ማስተማሩ ደግሞ በውል፣ ያኔ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ነው።

እሺ ስንት ቀን ነው የሚደርሰኝ?

በማውቃቸው አገሮች ልሂድ።

ጀርመን የሰራተኛ ህጉ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 24 የስራ ቀን ነው፣ ግን ህጉ የሚቆጥረው በሳምንት ስድስት ቀን ስራ አድርጎ ስለሆነ አምስት ቀን ለሚሰራ 20 ቀን ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ የደመወዝ ስምምነት ማለትም በቲፋው ኤል የተቀጠረ የፒኤችዲ ተማሪ ግን 30 የስራ ቀን አለው፣ ስድስት ሳምንት ማለት ነው። ግማሽ ውል (50 ፐርሰንት) ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ በሳምንት አምስቱንም ቀን የምትገቡ ከሆነ ቀኑ አይቀንስባችሁም፣ የሚያጥረው የእያንዳንዱ ቀን ሰዓት ነው።

ስዊድን የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ፈቃዱ በእድሜ ይጨምራል፣ ከ30 ዓመት በታች 28 ቀን፣ ከ30 ጀምሮ 31፣ ከ40 ጀምሮ 35። ሆላንድም ብዙው የፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ ስምምነት ለሙሉ ጊዜ በዓመት 232 ሰዓት ይሰጣል፣ በስምንት ሲካፈል 29 ቀን።

እንግሊዝ በምርምር ካውንስሎቹ (ምርምርን በመንግስት ገንዘብ የሚደግፉ ተቋማት) ስታይፔንድ የሚማር ፒኤችዲ ለረጅም ጊዜ ሲሰራበት የቆየው ደንብ በዓመት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፣ የበዓል ቀኖችን ጨምሮ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄንኑ ወስደው ለሌሎቹም ተማሪዎች አድርገውታል። አውስትራሊያ የመንግስቱ የምርምር ስኮላርሺፕ 20 የስራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ ከሱ ውጪ 10 ቀን የህመም ፈቃድ አለ።

አሜሪካ አስቸጋሪዋ ናት። እዛ ለሰራተኛም ቢሆን በፌደራል ደረጃ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ ስጡ የሚል ህግ የለም፣ ስለዚህ ለተማሪ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲው ወይም ዲፓርትመንቱ የፃፈው ነው፣ የተማሪ ሰራተኞች ማህበር ባለበት ደግሞ ማህበሩ የተስማማው። ምንም ያልተፃፈበት ዲፓርትመንትም ያጋጥማል፣ እንደዛ ከሆነ ገና ስትገቡ አድቫይዘሩን በኢሜይል ጠይቁትና መልሱን አስቀምጡት፣ በቃል አይሁን።

የበዓል ቀኖች ከፈቃዴ ላይ ይቀነሳሉ?

አንዳንዱ ጋ አዎ፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከማየት በፊት ቃሉን እዩ። ስምንት ሳምንት ሲባል 40 የስራ ቀን ነው፣ ግን የበዓል ቀኖችን ጨምሮ ከተባለ እንግሊዝና ዌልስ ላይ በዓመት ስምንት የመንግስት በዓል ስላለ የራሳችሁ የሚሆነው 32 ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በገናና በአዲስ ዓመት መሃል የሚዘጋቸውን ቀኖችም ከዚሁ የሚቀንስ አለ። ጀርመን ላይ ግን 30 ቀኑ ከበዓላቱ ውጪ ነው፣ ፈቃድ ላይ ሆናችሁ በመሃል በዓል ቢውል ያ ቀን አይቆጠርባችሁም።

ሌላው የስራ ቀን እና የካላንደር ቀን ነው። በካላንደር ከተባለ ቅዳሜና እሁድም ይገባል፣ 14 የካላንደር ቀን ማለት ሁለት ሳምንት ሲሆን 14 የስራ ቀን ወደ ሶስት ሳምንት ይጠጋል። የናንተ በዓል የምትማሩበት አገር ካላንደር ላይ ከሌለ ደግሞ ከዓመት ፈቃዳችሁ ነው የሚወሰደው፣ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ስለሆነ ገና ዓመቱ ሲጀምር አስይዙት።

አድቫይዘሬን እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ሰነፍ ናት እንዳይለኝ እፈራለሁ

ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም፣ ፍርሃቱንም አውቀዋለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ኢሜይል ሶስት ቀን ነው የፃፍኩት፣ ለምን እንደደከመኝ፣ ቤተሰብ ካየሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ፣ ስመለስ እንዴት እንደማካክሰው ምኑ ቅጡ፣ ገፅ ሙሉ ነበር። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፣ እሺ መልካም እረፍት። ያኔ ነው ምክንያት መደርደር እንደማያስፈልግ የገባኝ። የዓመት ፈቃድ ምክንያት አይጠየቅበትም፣ ሰው ስለሆናችሁ ነው የሚሰጣችሁ። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የሚቆም ስራ ካለ ማን እንደሚይዘው ነው። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

"ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ከሰኞ ጁላይ 7 እስከ ዓርብ ጁላይ 18 የዓመት ፈቃድ ልወጣ አስቤያለሁ፣ 10 የስራ ቀን ነው። የሁለተኛውን ምዕራፍ ድራፍት ከመሄዴ በፊት ዓርብ እልክልዎታለሁ። በነዚህ ቀኖች የሚያስቸግር ነገር ካለ ቢያሳውቁኝ ቀኑን ማስተካከል እችላለሁ።"

በቃ ይሄው ነው። ቀኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ፃፉ፣ "እረፍት ብወስድ ምን ይመስልዎታል" ብሎ መጠየቅ ግን ጥሩ አይደለም፣ መውሰድ አለመውሰዳችሁን እሱ እንዲወስን አሳልፎ መስጠት ነው። ለሁለት ሳምንት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሩ፣ ለአንድ ቀን ደግሞ የዚያኑ ሳምንት ብትናገሩም ችግር የለውም። ዲፓርትመንቱ ፎርም ወይም ሲስተም ካለው ሙሉት፣ ከሌለው ኢሜይሉ ራሱ ሪከርድ ነው። ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ እሺ ብሎኛል የሚለው ነገር ስድስት ወር ቆይቶ ማስረጃ አይሆንም።

አይሆንም ቢለኝስ?

ሁለት ዓይነት አይሆንም አለ። አንደኛው "እዚህ ሳምንት ላይ አይሆንም" ነው፣ ሪፖርት የሚገባበት ነው ወይ ማሽኑ የተያዘው ለዚያ ሳምንት ነው፣ ይሄ ተገቢ ነው፣ ቀኑን ላይ ወይ ታች ማድረግ ነው። ሁለተኛው "እኔ ላብ ውስጥ ሰው ፈቃድ አይወስድም" የሚለው ነው፣ ይሄ ግን የሱ ስልጣን አይደለም። ቀኑ ላይ መነጋገር ይችላል፣ መብቱን ግን የሰጣችሁ ዩኒቨርሲቲው ወይም ህጉ ነው፣ እሱ ሊነሳው አይችልም።

እንዲህ ሲያጋጥም መጣላት ሳይሆን መጀመሪያ "እንግዲያው የትኛው ሳምንት ይሻላል?" ብላችሁ በፅሁፍ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ወይም ሁሌም አይሆንም ከሆነ የድህረ ምረቃ አስተባባሪውን ሂዱና አነጋግሩ፣ የሃንድቡኩን አንቀፅ ይዛችሁ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል፣ ምክንያቱም አስተባባሪው ለአድቫይዘሩ እንደ አጠቃላይ ማሳሰቢያ አድርጎ መላክ ይችላል፣ ስማችሁ ሳይነሳ። ከዛ ካለፈ የተማሪዎች ማህበር አለ፣ ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ የሰራተኛ ማህበርና የሰው ሃብት ክፍል አለ። ዝም ብሎ መቀመጥን ግን አልመክርም፣ እኔ ዝም ስላልኩ ያገኘሁት ነገር የለም።

ፈቃድ ላይ እያለሁ ስታይፔንዴ ይቋረጣል?

የዓመት ፈቃድ ላይ አይቋረጥም፣ ያው እንደወትሮው ይገባል። የሚቋረጠው ዊዝድሮው ስታደርጉ ነው፣ ማለትም ትምህርቱን ለተወሰነ ወር አቁማችሁ ሰዓቱም ሲቆምላችሁ። ሁለቱን ሰዎች ያቀላቅሉታል። የዓመት ፈቃድ የማስረከቢያ ቀናችሁን አይገፋም፣ ዊዝድሮው ግን ይገፋዋል፣ ለዛ ነው ገንዘቡም የሚቆመው። ሁለት ሳምንት እረፍት ፈልጋችሁ ሪጅስትራር ሄዳችሁ የዊዝድሮው ፎርም እንዳትሞሉ፣ አደራ።

ያልወሰድኩት ቀን ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል?

በአብዛኛው ይቃጠላል። ጀርመን ህጉ በዓመቱ ውስጥ ውሰዱ ይላል፣ በቂ ምክንያት ካለ እስከ ማርች 31 ይሻገራል። ሆላንድ በህግ የተቀመጠው ዝቅተኛው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 1 ያበቃለታል። የአውስትራሊያው ስኮላርሺፕ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ግን ስኮላርሺፑ ሲያልቅ የቀረው በገንዘብ አይተካም።

እዚህ ላይ ተቀጣሪ የሆናችሁ ሁሉ ማወቅ ያለባችሁ አንድ የፍርድ ውሳኔ አለ። ጀርመን ማክስ ፕላንክ የሚባለው የምርምር ተቋም ይሰራ የነበረ ተመራማሪ ውሉ ሲያልቅ ያልወሰደው 51 ቀን ፈቃድ ነበረው፣ በገንዘብ ይከፈለኝ አለ፣ አልጠየቅክም ተብሎ ተከለከለ፣ ነገሩ ተካሮ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2018 እ.ኤ.አ. የወሰነው፣ ሰራተኛው ስላልጠየቀ ብቻ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ አይጠፋም፣ አሰሪው ፈቃድ አለህ ውሰድ ካልወሰድክ ይቃጠላል ብሎ በግልፅና በጊዜው መንገር አለበት፣ መንገሩንም ማስረዳት ያለበት አሰሪው ነው የሚል ነው። ይሄን ሳነብ የራሴ ሁለት ዓመት ነው የታወሰኝ፣ እኔ ስታይፔንድ ስለነበርኩ አይመለከተኝም፣ እናንተ ግን አውሮፓ ውስጥ በውል ካላችሁና ማንም ካልነገራችሁ ተቃጥሏል ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ።

ተማሪ ቪዛ ላይ ነኝ፣ በፈቃዴ ጊዜ ሙሉ ሰዓት መስራት እችላለሁ? ከአገር መውጣትስ?

እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ፣ ቪዛ ላይ የሚሰራ ስህተት በቀላሉ አይስተካከልም። እንግሊዝ በትምህርት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ለፒኤችዲ ተማሪ ዓመቱ ሙሉ የትምህርት ጊዜ ስለሆነ ሙሉ ሰዓት መስራት የሚቻለው ዩኒቨርሲቲው በይፋ ባፀደቀው ፈቃድ ቀኖች ብቻ ነው፣ የማስተርስ ተማሪም ቲሲስ በሚፅፍበት ሰመር 20 ሰዓቱ ይቀጥልበታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ጓደኛችሁ ሰመር ሙሉ ሰዓት ሲሰራ አይታችሁ አትከተሉት፣ ደብዳቤ ወይም የሲስተም ሪከርድ ሳትይዙ ፈረቃ አትጨምሩ። ካናዳ ከካምፓስ ውጪ በሳምንት 24 ሰዓት ሲሆን ገደቡ የሚነሳው በካላንደሩ በተያዘ እረፍት ነው። አውስትራሊያ በምርምር ማስተርስና በፒኤችዲ ላይ ያለ ሰው ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ የሰዓት ገደብ የለበትም።

ለጉዞ ደግሞ አሜሪካ ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ላይ ያላችሁ አይ ትዌንቲያችሁ (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛው የሚሰጣችሁ ወረቀት) ላይ ያለውን የጉዞ ፊርማ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት፣ ተመልሳችሁ ስትገቡ ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። የቪዛው ስቲከር ጊዜ ካለፈበት ደግሞ ኤምባሲ ቀጠሮ ማግኘት ከፈቃዳችሁ ሊረዝም ይችላል፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይሄን አጣሩ።

ፈቃድ ላይ እያለሁ ብታመምስ?

አውሮፓ ህብረት ውስጥ ተቀጣሪ ከሆናችሁ የታመማችሁበት ቀን እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፣ የህብረቱ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ወስኖበታል፣ የሃኪም ወረቀት ያዙና የዚያኑ ቀን አሳውቁ። ስታይፔንድ ከሆነ ደንቡን እዩ፣ የህመም ፈቃድ ለብቻው አለ ብዙ ጊዜ። የኤንአይኤች ግራንት 15 የካላንደር ቀን አለው።

የወሊድ ፈቃድ ከዚሁ ነው?

ፈፅሞ አይደለም፣ ለብቻው ነው። በእንግሊዝ የምርምር ካውንስል ስታይፔንድ እስከ 52 ሳምንት ይቻላል፣ የመጀመሪያው 26 ሳምንት ሙሉ ስታይፔንድ ነው። ኤንአይኤች 60 የካላንደር ቀን ይሰጣል፣ ለአባትም።

ኮንፈረንስ ሄጄ እዛው ሶስት ቀን ብጨምር?

ኮንፈረንሱ ስራ ነው፣ ከፈቃድ አይቀነስም። የጨመራችሁት ሶስት ቀን ፈቃድ ነው፣ አስመዝግቡት፣ የዩኒቨርሲቲው የጉዞ ኢንሹራንስም እነዚያን ቀኖች ላይሸፍን ይችላል።

ሙከራዬን ጥዬ መሄድ አልችልም፣ ሴሎቹ ይሞታሉ

እውነት ነው፣ ላብ ላለ ሰው ትልቁ ማሰሪያ ይሄ ነው። የሴል ካልቸር (ላብ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎች) ከሆነ ፍሪዝ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ስትመለሱ ማስነሳቱ ጥቂት ቀን ይፈጃል እንጂ አይጠፋም። መተው የማይቻል ነገር ካለ ከላብ ጓደኛችሁ ጋር ተቀያየሩ፣ አንድ ገፅ ላይ ምን ቀን ምን እንደሚደረግ ፃፉለት፣ እሱ ሲሄድ እናንተ ትይዙለታላችሁ። እኛ ጋ ከሶስተኛው ዓመት በኋላ ይሄን ሰሌዳ ላይ ስም ፅፈን እንዲህ ማድረግ ስንጀምር ያለማጋነን ሁሉም ሰው ፈቃድ መውሰድ ቻለ፣ ለካ የሚያስቀረን ሴሎቹ ሳይሆኑ አለመነጋገራችን ነበር።

ላስረክብ ሁለት ወር ቀርቶኛል፣ ያልወሰድኩት 15 ቀን አለኝ

ተቀጣሪ ከሆናችሁ የውሉን የመጨረሻ ቀን እዩና ከዚያ ወደኋላ ቁጠሩ፣ አውሮፓ ህብረት ውስጥ ውሉ ሲያልቅ ያልተወሰደው በህግ የተቀመጠ ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል፣ ስለዚህ ስንት ቀን እንደቀራችሁ ከሰው ሃብት ክፍል በፅሁፍ አውጡ። ስታይፔንድ ከሆነ አይከፈልም፣ መውሰድ ብቻ ነው ያለው። ድራፍቱን ለአድቫይዘሩ የምትልኩበትን ቀን ያዙና ፈቃዱን ከዛ ማግስት አድርጉት፣ እሱ አንብቦ እስኪመልስ የሚሄደው ጊዜ ለማንኛውም የመጠበቅ ጊዜ ነው።